ለግድግዳ ሥዕልና ለሰርግ የቡድን ፎቶ የሚሆን ሰፊ ማዕዘን ሌንስ፦ የትኛው ይሻላል?

የዘጌ መንገደኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ካኖን 6ዲ ካሜራና አብሮት የመጣው 24-105 ሚሜ ኤፍ 4 ሌንስ አለኝ (ሚሜው ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፊ ቦታ ያያል፤ የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ያስገባል)። ሥራዬ ሁለት ዓይነት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰርግ አነሳለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ አባቶችን እያስፈቀድሁ በጣና ዙሪያ ያሉ ገዳማትን የግድግዳ ሥዕሎች በፎቶ እመዘግባለሁ። ችግር የገጠመኝ በሁለተኛው ሥራ ላይ ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት የምታውቁ እንደምትረዱት፣ በውጨኛው ግድግዳና በመቅደሱ መካከል ያለው ዙሪያ መተላለፊያ ጠባብ ነው። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌም ከሥዕሉ የምርቀው በግምት 3 ሜትር ቢሆን ነው። በ24 ሚሜ የመቅደሱን በር መሃል አድርጌ ሳነሳ በግራና በቀኝ ያሉት ሥዕሎች ይቆረጣሉ፤ ካሜራውን ወደ ላይ ቀና ሳደርገው ደግሞ የበሩ መቃኖች ወደ ውስጥ ያዘማሉ። ፍላሽ አይፈቀድም፣ ቢፈቀድም ለሥዕሎቹ ስለምሳሳ አልጠቀምበትም።

ያየኋቸው አማራጮች አራት ናቸው፤ ያገለገለ ካኖን 17-40 ኤፍ 4፣ ካኖን 16-35 ኤፍ 4 አይኤስ (የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ያለው)፣ ካኖን 16-35 ኤፍ 2.8 ሦስተኛው ትውልድ፣ እና ሳምያንግ 14 ሚሜ ኤፍ 2.8። ዋጋቸው እጅግ የተራራቀ ነው። የምገዛው አንድ ብቻ ስለሆነ ለሰርጉም ቢያገለግለኝ እወዳለሁ፤ በተለይ ግቢው ጠቦ ዘመድ አዝማድ ሁሉ አብሮ ሲቆም ለሚነሳው የቡድን ፎቶ። የተጠቀማችሁባቸው ሰዎች ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

ባለ ሜትሩ፦

ወንድማችን የዘጌ መንገደኛ፣ ርቀቱን መናገርዎ ነገሩን በጣም ያቀልለዋል፤ ብዙ ሰው ሌንስ ሲጠይቅ ይህን አይናገርም። እንደ 6ዲ ባለ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) 36 በ24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሌንሱ ከአንድ ግድግዳ ላይ ምን ያህል ስፋት እንደሚያስገባ ለማወቅ ርቀቱን በ36 አባዝቶ በሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል ይበቃል። ከ3 ሜትር ላይ 24 ሚሜ 4.5 ሜትር ስፋት ያያል። 17 ሚሜ 6.35 ሜትር፣ 16 ሚሜ 6.75 ሜትር፣ 14 ሚሜ ደግሞ 7.7 ሜትር ገደማ ያያል። ለቁመቱ በ36 ፈንታ 24 ያስገቡ፤ 24 ሚሜ 3 ሜትር፣ 16 ሚሜ 4.5 ሜትር ይሰጥዎታል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ በሰፊው በኩል እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዋጋው ከባድ መሆኑ ነው። ከ105 ወደ 100 ሚሜ ቢወርዱ በዚያው ርቀት የሚያተርፉት 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከ16 ወደ 14 ሲወርዱ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ግድግዳ ይጨምራሉ። ሁለተኛው፣ እርስዎ 14 ሚሜ ያስፈልግዎ እንደሆነ ለመወሰን የማንም አስተያየት እንደማያስፈልግዎ ነው። የመቅደሱን አንድ ጎን በሜትር ይለኩት። ከ6.5 ሜትር ካልበለጠ 16 ይበቃዎታል፤ ከበለጠ ደግሞ በአንድ ፎቶ ማንሳቱን ትተው ሁለት አንስተው ቢያገጣጥሙ ይሻላል።

ብርሃንና ጥላ፦

ባለ ሜትሩ የሰጡት ስሌት ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ጠርዙ ነው፤ ምክንያቱም በሰፊ ሌንስ ዋጋው የሚከፈለው በፎቶው ጠርዝና ጥግ ላይ ነው። መሃሉማ በየትኛውም ሌንስ ያምራል።

ጠያቂው ያቀረቧቸው ሁለት ሥራዎች፣ የግድግዳ ሥዕልና የሰርግ ቡድን፣ ሲታዩ የሚመሳሰሉ ቢሆኑም ለሰፊ ሌንስ ግን ተቃራኒ ናቸው። ተራ ሰፊ ሌንስ፣ ዓሣ ዓይን ከሚባለው በስተቀር፣ ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ ለማስቀመጥ የተሠራ ነው። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ፍጹም ትይዩ ከሆነ በግድግዳው ላይ የተሣለ ክብ፣ መሃል ላይም ሆነ ጠርዝ ላይ ይሁን፣ ክብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የቅዱሳኑ አክሊል በ16 ሚሜ ጠርዝ ላይ ቢውልም አይለጠጥም። የሰው ጭንቅላት ግን ግድግዳ ላይ የተሣለ ክብ አይደለም፤ ውፍረትና ጥልቀት ያለው ድቡልቡል ነገር ነው። ድቡልቡል ነገር ከመሃል በራቀ ቁጥር ወደ ውጭ ይለጠጣል። ልኩም የታወቀ ነው፤ በ35 ሚሜ በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ያለ ጭንቅላት 12 በመቶ ገደማ፣ በ24 ሚሜ 25 በመቶ፣ በ16 ሚሜ ደግሞ 50 በመቶ ያህል ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል። ይህ የሌንሱ ጥራት ጉድለት አይደለም። ጠፍጣፋ ሴንሰር ላይ ሰፊ ማዕዘን ሲዘረጋ የሚመጣ የጂኦሜትሪ ግዴታ ስለሆነ፣ የ2 ሺህ ዶላርም ሌንስ አያስቀረውም።

በሰርግ ላይ ጠርዝ የሚደርሰው ማን እንደሆነ ያስቡ። ሙሽሮቹ መሃል ናቸው፤ እነርሱ ደኅና ይወጣሉ። ዳር የሚቆሙት ብዙ ጊዜ አክስትና አጎት፣ የሙሽራዋ ጓደኞች፣ ዘግይተው የደረሱ ዘመዶች ናቸው። ፎቶው ታትሞ ሳሎን ሲሰቀል አክስትየዋ ፊታቸው ተለጥጦና ትከሻቸው ሰፍቶ ይታያል፤ ሰውን በዚያ መልክ ማስቀረት ደግሞ ለእኔ ከባድ ጥፋት ነው። ስለዚህ ለቡድን ፎቶ የሚገዙት ሌንስ ምንም ይሁን ምን፣ ቢቻል 35 ሚሜ፣ ቢጠብብዎ 28፣ ግድ ከሆነ 24 ላይ ይቁሙ፤ በ24 ሲያነሡም በግራና በቀኝ ባዶ ቦታ ይተዉ። ከፊት ያሉትን አስቀምጠው፣ የኋላውን ረድፍ ደረጃ ላይ አቁመው ቡድኑን ወደ መሃል መሰብሰብ ከየትኛውም ሌንስ የበለጠ ይጠቅማል። ለዚህ ሥራ በእጅዎ ያለው 24-105 በቂ ነው፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግዎም።

ወደ ጎን የመለጠጡን ነገር ካነሣን አይቀር፣ አፍንጫ ትልቅ ሆኖ የሚታይበት ችግር ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ የሚመጣው ከቅርበት ነው። በ16 ሚሜ ፊቱ ፍሬሙን እንዲሞላ ስንል ሳናውቀው ከግማሽ ሜትር በታች እንጠጋለን፤ ያን ያህል ከቀረብን በየትኛውም ሌንስ አፍንጫ ከጆሮ በልጦ ይታያል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ደግ ነው፤ የመጀመሪያውን ሰውን ከጠርዝ በማራቅ፣ ሁለተኛውን ካሜራን ከሰው በማራቅ እንከላከለዋለን።

የማኅሌት ሌሊት፦

በብርሃንና ጥላ ሐሳብ እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ጠያቂው እንዳይሳሳቱ እፈራለሁ። እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለማይንቀሳቀስ ግድግዳ ነው። በገዳማት አካባቢ የሚሠራ ሰው ነገ የማኅሌት አገልግሎት አንሣ መባሉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ኤፍ 4 እና ኤፍ 2.8 የሚለያዩት በስም ብቻ እንዳልሆነ ያያል። ኤፍ 2.8 የኤፍ 4ን ሁለት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ሌሊት በጧፍና በአንድ ሁለት አምፖል ብርሃን መዘምራኑ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲያሸበሽቡ፣ ከበሮ መቺው ሲዞር፣ እጁ እንዳይደበዝዝ ቢያንስ 1/125 ሰከንድ ያስፈልጋል። በኤፍ 2.8 አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ንቁነት) 6400 የሚበቃኝን ቦታ በኤፍ 4 አይኤስኦ 12800 ማድረግ አለብኝ፤ 6ዲ በጊዜው ለጨለማ የተመሰገነ ካሜራ ቢሆንም በ12800 የነጩ ኩታ ልስላሴ ይጠፋል፣ ጥበቡም ቀለሙን ያጣል።

የ16-35 ኤፍ 4 አይኤስ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ ምን ያህል ቢያግዝም የሚያረጋጋው ካሜራውን እንጂ መዘምራኑን አይደለም። ስለዚህ የእኔ ምክር አቅም ካለ 16-35 ኤፍ 2.8 ሦስተኛው ነው። በ2016 የወጣው ይህ ሌንስ ከቀደሙት ሁለት ትውልዶች በተለየ ጥጎቹ ክፍት አፐርቸር (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ) ላይም ጥርት ያሉ ናቸው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ2007ቱ ሁለተኛ ትውልድ ግን በኤፍ 2.8 ጥጉ የላላ ስለሆነ፣ በርካሽ አገኘሁት ብለው እንዳይገዙት።

ባለ ሜትሩ፦

የማኅሌት ሌሊት የተናገሩት ለማኅሌት እውነት ነው። ጠያቂው ግን የጠየቁት ስለ ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ አይንቀሳቀስም። በጨለማ መተላለፊያ ውስጥ ትራይፖድ ለመትከል ፈቃድ ካልተገኘ፣ በ16 ሚሜ መከላከያውን ከፍቶ ትንፋሹን ይዞ የሚያነሳ ሰው 1/4 ሰከንድ ድረስ ጥርት ያለ ፎቶ ያገኛል። ካኖን ለዚህ ሌንስ የሚሰጠው ግምት 4 ስቶፕ ነው፤ አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ማለት ነው። በኤፍ 2.8ቱ መከላከያ የለም፣ 6ዲም በውስጡ የለውም። ያለ መከላከያ 1/15 ላይ ቢቆሙ እንኳ፣ ኤፍ 4ቱ በ1/4 ሰከንድ ከኤፍ 2.8ቱ ሁለት እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል። ለግድግዳ ሥዕል አሸናፊው ርካሹ ሌንስ ነው፤ ክብደቱም 615 ግራም ነው፣ ያኛው 790።

ሌላም አለ። የእርስዎ 24-105 የመጀመሪያው ትውልድ ከሆነ የፊልተር ልኩ 77 ሚሜ ነው፤ 17-40ም 16-35 ኤፍ 4ም እንዲሁ 77 ናቸው። ኤፍ 2.8ቱ 82 ስለሆነ ያሉዎትን ፊልተሮች እንደገና ይገዛሉ።

ሰፊ ሌንስ በኤፍ 2.8 ከበስተ ኋላ ያደበዝዝልኛል ብሎ የሚገዛም ስላለ አንድ ቁጥር ላክል። በ16 ሚሜ ኤፍ 4 ላይ ሆነው ፎከሱን 2.15 ሜትር ላይ ቢያደርጉ፣ ከአንድ ሜትር ትንሽ አልፎ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ በተለመደው መለኪያ ጥርት ይላል። ኤፍ 8 ላይ ደግሞ ፎከሱ 1.1 ሜትር ላይ ሆኖ ከግማሽ ሜትር ጀምሮ ጥርት ይላል። ለመልክዓ ምድር ፎቶ በረከት ነው፤ ማደብዘዝ ለሚፈልግ ግን መንገዱ ይህ አይደለም።

የክሮፕ ተጠቃሚ፦

ጥያቄው የእኔ ባይሆንም እያነበብኩ ስለሆነ አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ያለኝ ካኖን 700ዲ ነው። ከላይ የተባሉት ሌንሶች ለእኔም ይሠራሉ?

ብርሃንና ጥላ፦

ይገጠማሉ፣ ይሠራሉም፤ ስፋታቸውን ግን አያገኙትም ወንድሜ። የእርስዎ ካሜራ ሴንሰር አነስተኛ (ክሮፕ የሚባለው) ስለሆነ የሌንሱን መሃል ብቻ ይቆርጣል፤ ለካኖን ማባዣው 1.6 ነው። 16-35ን ቢገጥሙ የሚያዩት ፉል ፍሬም ላይ 26-56 የሚያየውን ያህል ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ሰፊ የሚባል አይደለም። ለእርስዎ የሚሆነው በ2014 የወጣው ካኖን 10-18 ኤፍ 4.5-5.6 አይኤስ ነው፤ 16-29 ያህል ይሰጥዎታል። 240 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ መከላከያ አለው፣ ዋጋው ከሁሉም ይቀንሳል። ጉድለቱ አፐርቸሩ ጠባብ መሆኑና መገጣጠሚያው ፕላስቲክ መሆኑ ነው። የጨለማ ሥራ ካለዎት ቶኪና 11-16 ኤፍ 2.8ን ይፈልጉ፤ ከበድ ይላል፣ ዙሙም አጭር ነው፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲገባበትም የብርሃን ነጠብጣብ ያበዛል፤ ነገር ግን በዚያ ዋጋ ለክሮፕ ካሜራ ኤፍ 2.8 የሚሰጥ ሰፊ ዙም ብዙ የለም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ጠያቂው ስለ መቃኖቹ ማዘም የተናገሩት አልተመለሰም፤ ለእኔ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ እርሱ ነው። መስመሮች ወደ ውስጥ የሚያዘሙት ካሜራው ወደ ላይ ስለ ቀና ብቻ ነው። ካሜራው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ 14 ሚሜም ቢሆን፣ መቃኑ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ ከ3 ሜትር ላይ 16 ሚሜን በአግድም፣ በዓይን ከፍታ 1.6 ሜትር ላይ ቀጥ አድርገው ቢይዙ፣ የሚያዩት ግድግዳ ከወለል እስከ 3.85 ሜትር ነው። ከታች የሚተርፈው ባዶ ወለል ነው። ካሜራውን በቁም ቢያደርጉት ግን እስከ 5 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ፤ ወለሉን በኋላ ቆርጠው ይጥሉታል። ሰፊ ሌንስ በሕንፃ ሥራ ላይ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ካሜራውን ሳያቀኑ የላይኛውን ክፍል ለማስገባት የሚያስችል ትርፍ ቦታ ይሰጣል።

ይህ ትርፍ የማይበቃበት ቦታም አለ። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ ዙሪያውን ያለው ጉድጓድ ደግሞ ሰውን ወደ ኋላ አያስሸሽም። ከጉድጓዱ ውስጥ ከግድግዳው 6 ሜትር ርቀው 16 ሚሜን በቁም ቀጥ አድርገው ቢይዙ ከ8 ሜትር ትንሽ በላይ ብቻ ያያሉ፤ ጣሪያው ይቀራል። በዚህ ቦታ ካኖን ቲኤስ-ኢ 17 ሚሜ ኤፍ 4 የሚባለው፣ በ2009 የወጣው የሚንሸራተት ሌንስ፣ ሌላው የማይሠራውን ይሠራል። ካሜራው ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ሌንሱ ብቻ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ይንሸራተታል፣ የሚያየውም ወደ 12.2 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሕንፃው አንድም መስመር ሳያዘም ሙሉ በሙሉ ይገባል። ዋጋው ከባድ ነው፣ አውቶፎከስ የለውም፣ ፊት ለፊቱ ያበጠ መስታወት ስለሆነ የተለመደ ፊልተር አይቀበልም። የሕንፃ ቅርስን ሙያዬ ብሎ ለያዘ ሰው ግን ከማንኛውም ዙም ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ።

ከሜሪላንድ፦

ጤና ይስጥልኝ። የማኅሌት ሌሊትንም ብርሃንና ጥላንም አከብራለሁ፤ ጠያቂው ግን የሥዕል መዝገብ እሠራለሁ ካሉ፣ ሰፊ ሌንስ ራሱ ትክክለኛው መሣሪያ መሆኑን እጠራጠራለሁ። እዚህ ከሙዚየም ሥራ ጋር በተያያዘ የግድግዳ ሥዕል ሲነሣ አይቻለሁ፤ አንድን ሰፊ ግድግዳ በአንድ ፎቶ የሚጨርስ የለም።

ነገሩን በፒክሰል እንየው። 6ዲ በአግድሙ 5472 ፒክሰል አለው። 16 ሚሜ ከ3 ሜትር ላይ 6.75 ሜትር ሲያስገባ፣ ለአንድ ሚሊ ሜትር ግድግዳ የሚደርሰው 0.8 ፒክሰል ብቻ ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የአንድ ቅዱስ ፊት ከመቶ ፒክሰል በታች ይሆናል፤ የዓይኑ ብሌንና የቅንድቡ መስመር ተለይተው አይታዩም፣ የቀለሙ መሰነጣጠቅማ ፈጽሞ አይታይም። ያንኑ ግድግዳ ከዚያው ቦታ በ50 ሚሜ ቢያነሡት 2.16 ሜትር ብቻ ያስገባል፣ ያው ፊት ግን 300 ፒክሰል ይሆናል። እያንዳንዱን ፎቶ በሲሶ ያህል እያደራረቡ፣ ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው ወደ ጎን እየተራመዱ ቢያነሡና በኮምፒውተር ቢያገጣጥሙት፣ ሥዕሉ ነገ በእርጥበት ወይም በምስጥ ቢጎዳ ሠዓሊና ጠጋኝ የሚሠራበት መዝገብ ይኖርዎታል። እኔን የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። ምስጥና የጣሪያ ፍሳሽ ጊዜ አይሰጡም፤ አንዴ የጠፋ መስመር ደግሞ አይመለስም።

የዘጌ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሜሪላንድ የጻፉት ነገር እውነት ነው፤ ዝርዝሩን በ50 ሚሜ ገደማ አድርጌ በየክፍሉ ማንሣት እንዳለብኝ ተቀብያለሁ፣ 24-105ም ለዚያ ያገለግለኛል። ሆኖም ሥዕሎቹ እርስ በእርሳቸው እንዴት እንደ ተቀመጡ፣ በበሩ ላይ ያሉት ሊቃነ መላእክት ከላያቸው ካለው ረድፍ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ፣ አንባቢው በአንድ ዕይታ ሊያየው ይገባል። በሥዕሎቹ ላይ ታሪክ በተራ ነው የሚነበበው፤ የተቆራረጡ ክፍሎች ብቻ ከሆኑ ተራው ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጉኛል።

አሁን ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ያገለገለ 17-40 ከ16-35 ኤፍ 4 በዋጋ በጣም ስለሚቀንስ፣ ልዩነቱ ዋጋ ያለው ነው? ሳምያንግስ?

ብርሃንና ጥላ፦

17-40 በ2003 የወጣ ጠንካራና ቀላል ሌንስ ነው፤ ለመልክዓ ምድር በኤፍ 11 ለሚያነሳ ሰው ዛሬም አያሳፍርም። ደካማነቱ ክፍት አፐርቸር ላይ ጥጎቹ ናቸው። በኤፍ 4 ጥጉ ይላላል፤ እስከ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ካልዘጉት አይስተካከልም። እርስዎ ደግሞ በጨለማ መተላለፊያ፣ ያለ ፍላሽ፣ ምናልባትም ያለ ትራይፖድ፣ እስከ ጥጉ ድረስ ሥዕል የሞላበትን ግድግዳ ነው የሚያነሡት። የሌንሱ ደካማ ጎንና የእርስዎ ሥራ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ መከላከያም የለውም። በ2014 የወጣው 16-35 ኤፍ 4 በዚህ በኩል ብዙ የተሻለ ነው፤ በኤፍ 5.6 ጥጉ ላይ ያለው ጽሕፈት ይነበባል። ለእርስዎ ልዩነቱ ዋጋ አለው።

ሳምያንግ 14 ለሌሊት ሰማይ ፎቶ የሚወደድበት ምክንያት አለ፤ በጥጎቹ ላይ ከዋክብት ክንፍ ሳያወጡ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ለግድግዳ ግን አልመክረውም። ቀጥታ መስመርን የሚያጣምምበት መንገድ ተራ አይደለም፤ መሃል ላይ ወደ ውጭ ይነፋና ወደ ጥጎቹ ሲደርስ መልሶ ይገለበጣል፣ የበሩ ጉበን እንደ ማዕበል ይሆናል። በተራ ማስተካከያ አይቃናም፤ ለሌንሱ ብቻ የተዘጋጀ ፕሮፋይል ይፈልጋል። ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ ነው፤ ቀለበቱ ላይ የተጻፈው ርቀት ከእውነተኛው ጋር የማይገጥምበትም ቅጂ ስላለ፣ በስክሪኑ አጉልቶ ማረጋገጥ ግድ ነው።

የማኅሌት ሌሊት፦

ለማኅሌት ሌላ ሌንስ ይፈልጉ እንጂ ለሥዕሉ ኤፍ 4 አይኤስ እንደሚሻል አምኛለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ አሁን ሁሉም ወደ ሚረርለስ (መስተዋት አልባ ካሜራ) እየሄደ በዲኤስኤልአር (ባለ መስተዋት ካሜራ) ሌንስ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ተገቢ ነው?

ባለ ሜትሩ፦

የሚረርለስ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው እንዲያውም በሰፊ ሌንስ ላይ ነው። በዲኤስኤልአር ውስጥ ያለው መስተዋት እንዲገለበጥ ሌንሱ ከሴንሰሩ መራቅ አለበት፤ ለካኖን ይህ ርቀት 44 ሚሊ ሜትር ነው። 16 ሚሜ ሌንስ 44 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲሠራ፣ ከፊቱ ብርሃንን የሚበትን ትልቅ መስታወት መጨመር ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ፒየር አንዠንዩ በ1950 ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ያቀረበው ሬትሮፎከስ የሚባለው አሠራር ይህ ነው፤ ሌንሱን የሚያከብደውና የሚያስወድደውም እርሱ ነው። በሚረርለስ ርቀቱ ለካኖን 20፣ ለሶኒ 18፣ ለኒኮን 16 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነድፎ መሥራት ቀልሏል። የኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8 በ2007 ሲወጣ አንድ ኪሎ ገደማ ነበር፤ በ2020 ለሚረርለስ የወጣው 650 ግራም ሆነ። ለሶኒ የሚገጠመው ታምሮን 17-28 ኤፍ 2.8 420 ግራም ብቻ ነው።

ቅለቱ ሁልጊዜ ከመስታወት ጥበብ ብቻ የመጣ አይደለም። 165 ግራም የሚመዝነው የካኖን ሚረርለስ 16 ሚሜ ኤፍ 2.8 ሮው (ያልተቀነባበረ) ፋይሉ ሳይታረም ቢታይ በጣም የተነፋና ጥጉ የጠቆረ ነው፤ ሶፍትዌሩ እየለጠጠ ያቃናዋል፣ በሚለጠጠው ቦታ ዝርዝሩ ይሳሳል። ለጉዞ ግሩም ሌንስ ነው፣ ለሥዕል መዝገብ ግን አልመርጠውም።

ስለ ገንዘቡ አይስጉ። የዲኤስኤልአር ሌንስ በአዳፕተር ከካኖን ሚረርለስ ጋር ያለ ጥራት መቀነስ ይሠራል፤ የሚረርለሱ ሌንስ ግን ወደ ዲኤስኤልአር አይመለስም።

ከሜሪላንድ፦

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ፣ ሻጩ ፊት ይህን ያድርጉ። ሌንሱን በስልክ መብራት ከኋላ አብርተው ውስጡን ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካዩ ፈንገስ ነው፣ አይግዙት። ጥቂት አቧራ ግን ፎቶ ላይ አይታይም። ቀጥሎ በ16 ሚሜ፣ በኤፍ 4፣ አንድ የጡብ ግድግዳ ቀጥ ብለው ያንሡና አራቱን ጥጎች አጉልተው ያወዳድሩ። አራቱም እኩል ቢላሉ የሌንሱ ባሕርይ ነው። ሦስቱ ጥርት ብለው አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ግን፣ ካሜራው ትይዩ መሆኑን አረጋግጠው ደግመው ያንሡ፤ ያው ጥግ ከደበዘዘ በውስጡ አንድ መስታወት ከቦታው ተናግቷል ማለት ነው። ሰፊ ሌንሶች ወድቀው ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት በዚህ መንገድ ነው፤ ከውጭ ጭረት እንኳ ላይኖርባቸው ይችላል።

የዘጌ መንገደኛ፦

16-35 ኤፍ 4 አይኤስን ለመግዛት ወስኛለሁ፤ ሰርጉን በ24-105 እቀጥላለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ካሜራው ከግድግዳው ጋር ፍጹም ትይዩ መሆኑን በጨለማ ውስጥ በምን አረጋግጣለሁ? የካሜራው ውኃ ልክ ወደ ግራና ቀኝ ማዘንበሉን ያሳየኛል፣ ወደ ጎን መዞሬን ግን አያሳየኝም።

ብርሃንና ጥላ፦

ሥዕል የሚገለብጡ ፎቶ አንሺዎች ከድሮ ጀምሮ የሚጠቀሙበት ዘዴ ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት ነው። ከእርስዎ ጋር ያለ ሰው መስተዋቱን ሥዕሉን ሳይነካ፣ መሬቱ ቀጥ ባለ የበሩ እንጨት ላይ፣ ሌንሱ በሚገኝበት ከፍታ ለጥ አድርጎ ይያዝልዎ። በካሜራው ሲመለከቱ የራስዎ ሌንስ ነጸብራቅ በትክክል የፍሬሙ መሃል ላይ ከታየ ካሜራው ትይዩ ነው፤ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካመለጠ እስኪመጣ ድረስ ካሜራውን ያዙሩት። በ16 ሚሜ ነጸብራቁ በጣም ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ በስክሪኑ አሥር እጥፍ አጉልተው ይመልከቱ። መጀመሪያ ግን ትራይፖድ እንዲፈቀድልዎ አባቶችን ይጠይቁ፤ እግሮቹ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ምንጣፉን እንደማይጎዳ ካሳዩዋቸው ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ከዚያ በኋላ መከላከያውን ያጥፉት፣ አይኤስኦውን 100 ያድርጉ፣ ኤፍ 8 ላይ ሆነው በሰዓት ቆጣሪ ያንሡ፤ ብርሃኑን ለመሰብሰብ 10 ሰከንድም ቢወስድ ግድ የለም። ከበሩ የሚገባው የቀን ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን ቀለማቸው ስለሚለያይ አምፖሉ እንዲጠፋ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ፎቶ ግራጫ ካርድ አስይዘው ያንሡ።